ፎርዊል ሲገባ የሚሰማ ድምፅ፦ ያረጀ የመስክ መኪና ላይ ከየት እንደመጣ ደረጃ በደረጃ መፈለጊያ

«ፎርዊል ሳስገባ ከፊት በኩል ድምፅ አለ። ምን ይሆን?» ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይመጣልኛል። አንዱ «ጓ ይላል» ይለኛል። ሌላው «ያፏጫል»። ሌላው ደግሞ «እንደ ወፍጮ ያጓራል» ይላል። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው። አንድም ቡሎን ሳትፈቱ መኪናውን በአራት ሁኔታ ንዱ። ድምፁ የቱ ላይ እንደሚመጣ፣ የቱ ላይ እንደሚጠፋ ጻፉ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ድምፅ በሻንሲው ብረት ላይ ይጓዛል። የኋላ ኩሽኔታ የሚያሰማው ጩኸት ከእግራችሁ ሥር የሚወጣ ሊመስል ይችላል። ጆሮ ቦታ ላይ በቀላሉ ይሳሳታል። ድምፁ መቼ እንደጀመረና መቼ እንዳቆመ ግን በደንብ ይለያል። ስለዚህ «የት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «መቼ ነው?» በሉ።

መመሪያው በዋናነት ፎርዊላቸው በእጅ ለሚገባና የፊት ጎማ ሎክ (ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዝና የሚለቅ መቆለፊያ) ላላቸው መኪኖች ነው። የቀድሞዎቹ ሂሉክስ፣ ላንድክሩዘር 70፣ ፓትሮል፣ ሱዙኪ ሳሙራይና መሰሎቻቸው ማለት ነው። እንደ ላንድሮቨር ዲፌንደር አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚስብ መኪና ያላችሁ ደግሞ ደረጃ 2ን ዝለሉ፣ ደረጃ 4ን ደግሞ በደረጃ 11 ተኩት። ስለ ሎክ የሚለውን ትታችሁ የቀረው ለሁላችሁም ይሠራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወረቀት፣ እስክሪብቶና ድምፅ የሚቀዳ ስልክ
- አንድ ረዳት
- ክሪክ፣ የመኪናውን ክብደት የሚችሉ ሁለት የብረት መደገፊያዎችና አራት የጎማ ታኮ
- የጎማ ቁልፍ፣ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ ሜትር
- ረጅም ካቻቢቴ፣ ጠመኔ ወይም ቀለም
- ግሪስና የግሪስ ፓምፕ
- የእጅ ባትሪ፣ ጓንት፣ መነጽር፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ዘይት መቀበያ ሳህን
- የመኪናው ማንዋል

ማስጠንቀቂያ

ክሪክ ብቻ የያዘው መኪና ሥር አትግቡ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ የሚሸከመው መደገፊያው ነው።

የእጅ ፍሬናችሁ የቱን እንደሚይዝ እወቁ። ዲፌንደር ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ከትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን) የሚወጣውን የኋላ ሻፍት ነው። አንድ የኋላ ጎማ ከመሬት ሲነሣ ዲፈረንሻሉ ያን ጎማ ስለሚለቀው መኪናው የእጅ ፍሬኑ ተስቦም ሊንከባለል ይችላል። ስለዚህ መሬት ላይ ለቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉላቸው።

መኪናውን በመደገፊያ አንሥታችሁ፣ ሞተር አስነሥታችሁ፣ ማርሽ አስገብታችሁ ጎማ አታሽከርክሩ። አንዱ ጎማ መሬት ከነካ መኪናው ከመደገፊያው ላይ ይዘላል። እዚህ ያለው የሥር ምርመራ ሁሉ በእጅ የሚዞር ነው።

እየነዳችሁ ሞተር አታጥፉ። የፍሬኑ ኃይል ይቀንሳል፣ መሪም ሊቆለፍ ይችላል። ለሙከራው ማርሹን ዜሮ ማድረግ ይበቃል።

አሠራር

1. መጀመሪያ ቀላሉን አስወግዱ

የጎማ ዳዶዎችን በሙሉ በቁልፍ ሞክሩ። የላላ ዳዶ በዝግታ ስትታጠፉ «ቀጭ» ይላል፤ ያለቀ ሲቪ ጆይንትም (መሪው ታጥፎም ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው የአክስል መጋጠሚያ) እንደዚያው ነው የሚለው። የላላው ዳዶ ግን ጎማ ያስወልቃል። የመጀመሪያ ሥራችሁ ይህ የሆነው ለዚህ ነው።

የጎማውን ንፋስ በማንዋሉ መሠረት አስተካክሉ። ማርሚታው ሻንሲውን እንደማይነካ፣ የሾክ አብዞርበር ጎሚኒዎች እንዳልተበሉ፣ የባሌስትራ ቡሎኖች እንዳልላሉ እዩ። ከዚያ ከፍሬን ዲስኩ ጀርባ ያለውን ቀጭን የቆርቆሮ ሽፋን በባትሪ ተመልከቱ። አንድ ሰው የፊት ዲፈረንሻሉን ሊያስፈታ ቀጠሮ ይዞ ደውሎልኝ ያውቃል። «ብረት በብረት ሲፋቅ ነው የምሰማው» አለኝ። አብረን አየነው። የሽምብራ ፍሬ የምታክል ጠጠር ዲስኩና ቆርቆሮው መሃል ተሰክታ ነበር። በካቻቢቴ ጫፍ ገፋ አድርገን አወጣናት፤ ድምፁም እዚያው ቆመ። ኮረኮንች ላይ የሚሠራ መኪና ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

2. ሎኮቹ ሁለቱም መቆለፋቸውን አረጋግጡ

በእጅ የሚዞሩ ሎኮች ካሏችሁ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አዙሩ። ግማሽ ላይ የቆመ ሎክ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ስላልገባ ኃይል ሲያገኝ «ከርርር» እያለ ይዘላል። ደጋግሞ ከዘለለ ጥርሱ ይበላል።

አንዱ ተቆልፎ ሌላው ነፃ ከሆነ ደግሞ ፎርዊል አስገብታችሁም ፊቱ አይስብም። ኃይሉ ሁሉ ነፃ ወደሆነው አክስል ይሄዳል፤ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሳተላይት ማርሾች በከንቱ ይሽከረከራሉ።

ሎኩ መያዙን እንዲህ እዩ። አንድ የፊት ጎማ አንሡ፣ መደገፊያ አስገቡ፣ መኪናውን ቱ ሃይ (የኋላ ጎማ ብቻ የሚስብበት) ላይ አድርጉ። ሎኩ ነፃ ሳለ ጎማውን በእጅ ስታዞሩ አክስሉ መቆም አለበት። ሁለቱንም ሎኮች ቆልፋችሁ ስታዞሩ አክስሉም የፊት ሻፍቱም አብረው መዞር አለባቸው። በሌላው ጎማ ድገሙት።

3. ጥፋት ያልሆነውን ድምፅ ለዩ

ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ መልሳቸው እዚህ ነው። በእጅ የሚገባ ፎርዊል የፊቱንና የኋላውን ሻፍት አንድ ላይ ያስራል። መኪና ሲታጠፍ ደግሞ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ክብ ይዞራሉ፤ ብዙ መንገድ ይሄዳሉ። ልቅ አፈር ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ልዩነቱን ይለቀዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተት ስለማይችል ጫናው ሻፍቱና ማርሹ ውስጥ ይጠራቀማል። መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይጮኻል፣ መኪናው እንደታሰረ ይሆናል። በመጨረሻ «ጓ!» ብሎ ይለቃል። የፎርዊሉ ዘንግም አልወጣም ይላል።

ይህ ከሆነ ዘንጉን በኃይል አትጎትቱ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ፤ ጫናው ሲለቅ ዘንጉ በሁለት ጣት ይወጣል። ከዚያ ያንኑ መታጠፍ ልቅ አፈር ላይ ሞክሩት። እዚያ ምንም ድምፅ ከሌለ መኪናው ጤነኛ ነው። ፎርዊልን ደረቅ አስፋልት ላይ አለማስገባት ብቻ ነው መፍትሔው።

ጫናው ቀጥ ባለ መንገድም ከተጠራቀመ ግን ሌላ ነገር አለ። የፊቱና የኋላው ጎማ ዙሪያ እኩል ላይሆን ይችላል። በሜትር ዙሪያቸውን ለኩ፤ የቁጥሩ መጠሪያ አንድ ሆኖ እንኳ አዲስና ያለቀ ጎማ ይለያያል። ሁለተኛው ጥርጣሬ የዲፈረንሻል ሬሾ (ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሻፍቱ የሚዞረው ብዛት) ነው። ያረጀ መኪና በዕድሜው አንድ ቀን ዲፈረንሻል ተቀይሮለት ሊሆን ይችላል። የተገጠመው ከሌላው ጋር እኩል ካልሆነ ሁለቱ ሻፍቶች በየዙሩ ይጣላሉ።

ሬሾውን ሳትፈቱ መቁጠር ትችላላችሁ። መኪናውን በታኮ ያዙ፣ ቱ ሃይ፣ ካምቢዮ ዜሮ፣ ሎኮች የተቆለፉ። አንድ የፊት ጎማ ብቻ አንሡ። ጎማውና ሻፍቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ጎማውን በትክክል 2 ዙር አዙሩ፤ ረዳታችሁ ሻፍቱ ስንት እንደዞረ ይቁጠር። ሌላው ጎማ ስለቆመ 2 የጎማ ዙር ማለት የኮሮናው (ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ማርሽ) 1 ዙር ነው። ስለዚህ የሻፍቱ ዙር ራሱ ሬሾው ነው። ከ4 ትንሽ ካለፈ 4.1 አካባቢ ነው። ኋላውንም እንዲሁ ቁጠሩ። የኋላውን ስታነሡ የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ ስላለበት ታኮውን ደግማችሁ እዩ። የሚቆለፍ ወይም መንሸራተት የሚገድብ ዲፈረንሻል ላይ ይህ ቆጠራ አይሠራም።

4. በአራት ሁኔታ ንዱ

የሥራው ልብ ይህ ነው። አንድ መንገድ ምረጡ፤ ቀጥ ያለ፣ ሰው የሌለበት፣ አፈር ወይም ጠጠር። በአራቱም ዙር ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት ይሁን፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ጥሩ ነው። ፍጥነቱን ከለወጣችሁ ድምፁ የተለወጠው በፍጥነቱ ይሁን በፎርዊሉ አታውቁም። ሬዲዮውን፣ ንፋሱን ዝጉ። በየዙሩ ስልካችሁን ወለሉ ላይ፣ ከማርሽ ዘንጉ አጠገብ አስቀምጣችሁ ቅዱ። ሎክና ዘንግ የምትቀይሩት ቆማችሁ ነው።

ሀ. ቱ ሃይ፣ ሎኮቹ ነፃ። ከፊት በኩል የሚዞረው ጎማውና የጎማው ኩሽኔታ ብቻ ነው። ድምፁ እዚህ ከተሰማ ጉዳዩ የፎርዊሉ አይደለም። ጎማ፣ የጎማ ኩሽኔታ፣ የኋላ ሻፍት፣ የኋላ ዲፈረንሻል ወይም ካምቢዮ ነው።

ለ. ቱ ሃይ፣ ሎኮቹ ተቆልፈው። አሁን የፊት ጎማዎች አክስሉን፣ ዲፈረንሻሉንና የፊት ሻፍቱን ይዘው ይዞራሉ፤ የሞተር ኃይል ግን የለባቸውም። ሀ ላይ ያልነበረ ድምፅ እዚህ ከመጣ ከፊት ከሚዞሩት አንዱ ነው። የሻፍት ክሮቼራ (ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ መጋጠሚያ)፣ የዲፈረንሻል ኩሽኔታ፣ ወይም ትራንስፈሩ ላይ የፊት ሻፍት መውጫ ያለው ኩሽኔታ።

ሐ. ፎር ሃይ (ፎርዊል በተለመደው ፍጥነት)፣ ሎኮቹ ነፃ። ሞተሩ የፊት ሻፍቱንና ዲፈረንሻሉን ያዞራል፤ ጎማው ግን አልተያያዘም። ጫና መጠራቀም የለም። ለ ላይ የነበረው ድምፅ እዚህም ካለ የሚሽከረከር ነገር መሆኑ ተረጋገጠ። ሐ ላይ ብቻ «ከርርር» ካለ ሎኩ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ይህን ዙር አጭር አድርጉት። በዚህ ሁኔታ ፎር ሎው (ፎርዊል በዝግታና በተባዛ ኃይል) በፍጹም አታስገቡ። የተባዛው ኃይል በሙሉ የኋላው አክስል ላይ ይወድቃል።

መ. ፎር ሃይ፣ ሎኮቹ ተቆልፈው። ሀ፣ ለ፣ ሐ ዝም ብለው እዚህ ብቻ ድምፅ ከመጣ ክፍሉ የሚጮኸው ኃይል ሲሸከም ነው። የተበላ ኮሮናና ፒኞን (ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ማርሽ)፣ ያለቀ ሲቪ ጆይንት፣ ወይም ትራንስፈሩ ባለ ሰንሰለት ከሆነ የረዘመ ሰንሰለት። የረዘመ ሰንሰለት ጥርስ ሲዘል «ጓ ጓ» ብሎ ወለሉን ይመታል፤ በተለይ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡ።

በመጨረሻ ፎር ሎው ላይ በዝግታ ሂዱ። ድምፁ ፎር ሎው ላይ ብቻ ካለ የትራንስፈሩ መቀነሻ ማርሽ ነው። ሰንሰለት በሌለው፣ ባለ ማርሽ ትራንስፈር ላይ ግን ትንሽ ፉጨት የተፈጥሮው ነው። እኩል የሆነና ለዓመታት ያልጨመረ ፉጨት ካለ ተዉት።

ሎካችሁ ራሱ የሚቆለፍ ዓይነት ከሆነ ሐን ማድረግ አትችሉም። ለን ግን ታገኙታላችሁ። ፎር ሃይ አስገብታችሁ ትንሽ ሂዱ፣ ቆማችሁ ወደ ቱ ሃይ መልሱ፣ ወደ ኋላ ሳትሄዱ ወደፊት ቀጥሉ። ብዙዎቹ ሎኮች ወደ ኋላ እስክትሄዱ ድረስ እንደተቆለፉ ይቆያሉ።

5. ነዳጅ ስጡ፣ ልቀቁ፣ ዜሮ አድርጉ

ድምፁ በተሰማበት ሁኔታ ላይ ሦስት ነገር ሞክሩ። ነዳጅ ሰጥታችሁ አፋጥኑ። ነዳጅ ልቀቁና በሞተር ይያዝ። ከዚያ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ዜሮ አድርጉና ይንሸራተት።

ፉጨቱ ነዳጅ ስትሰጡ መጥቶ ስትለቁ ከጠፋ፣ ወይም ተቃራኒው ከሆነ፣ የኮሮናና የፒኞን ጥርስ ነው። ኃይል ሲሸከም አንዱ የጥርሱ ገጽ ይነካካል፣ ሲለቀቅ ሌላው። የተበላው ገጽ ይጮኻል። በሦስቱም ሁኔታ ሳይለወጥ የሚያጓራ ግን ኩሽኔታ ወይም ጎማ ነው። የመንገዱ ገጽ ሲቀየር አብሮ ከተቀየረ ጎማ ነው። የጭቃ ጎማ በራሱ በደንብ ያጓራል፤ ብዙ ሰው በዚህ ተሳስቶ ኩሽኔታ ቀይሯል።

ስትነሡ ወይም ነዳጅ ለቃችሁ ስትሰጡ አንዴ ብቻ «ጓ» የሚል ከሆነ ክፍተት አለ ማለት ነው። ደረጃ 8 ይጠብቃችኋል።

6. አጣጥፉት

ልቅ አፈር ላይ፣ ፎር ሃይ፣ የሰው እርምጃ ያህል ፍጥነት። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ትንሽ ነዳጅ ስጡ። መስኮቱ ክፍት ይሁን። «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» ከጎማው ጋር እየተቆጠረ ከመጣ የውጪው ሲቪ ጆይንት ነው። ውስጡ ያሉት ኳሶች የሚቀመጡበት ቦይ ተጎድጉዷል። መሪው ሲታጠፍ ኳሱ ከጉድጓዱ እየወጣ ይገባል፤ ቀጭታው ያ ነው።

የድሮ ጂፖች ላይ የፊት አክስል ጫፍ ላይ ያለው ሲቪ ሳይሆን ክሮቼራ ነው። ክሮቼራ ሲታጠፍ ፍጥነቱ በየዙሩ ስለሚጨምርና ስለሚቀንስ መሪው በእጃችሁ ትንሽ ይመታል። ያ የአሠራሩ ጠባይ ነው፤ ቀጭታ ከሌለው አትጨነቁ።

አሁን ቱ ሃይ፣ ሰፊና ባዶ ቦታ ላይ፣ በ40 ገደማ መሪውን ቀስ ብላችሁ ግራ ቀኝ በሉ። ወደ ግራ ስትሉ የሚጨምር ጉርምርምታ ብዙ ጊዜ የቀኙን የጎማ ኩሽኔታ ያመለክታል፤ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ። ወደ ቀኝ ስትሉ ከጨመረ በተቃራኒው።

7. ምቱን ቁጠሩ

በየጊዜው የሚመታ ድምፅ ከሆነ ይህ ብዙ ያሳያችኋል። ሻፍት ከጎማ 4 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይዞራል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ፣ ዙሪያው 2.4 ሜትር የሆነ ጎማ አንድ ዙር ለመዞር 1.7 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚያው ፍጥነት ሻፍቱ በሰከንድ ከ2 ጊዜ በላይ ይዞራል። ረዳታችሁ ከውጭ አብሮ እየተራመደ ጎማው ላይ ያለውን የጠመኔ ምልክት ይይ። በአንድ ምልክት አንድ ምት ከሆነ ጎማ፣ የፍሬን ዲስክ ወይም አክስል ነው። አራት ገደማ ከሆነ ሻፍትና ፒኞን ነው።

8. ሥር ግቡ፦ ሻፍትና ክሮቼራ

ታኮ አድርጉ፣ ካምቢዮውን ዜሮ፣ ሞተር ጠፍቶ ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ። ሻፍቱን በሁለት እጅ ያዙና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጠምዝዙ። ዓይናችሁ ክሮቼራው ላይ ይሁን። ክሮቼራውን ከግራና ከቀኝ የያዙት ሁለቱ ጉንጮች አብረው መዞር አለባቸው። አንዱ ሲዞር ሌላው ዘግይቶ ከተከተለ ክሮቼራው አልቋል። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉ፤ ያኔም ምንም መላወስ የለበትም።

የክሮቼራውን አራት ክዳኖች ዙሪያ በባትሪ እዩ። ጤነኛው ላይ አቧራና ጥቁር ግሪስ ነው ያለው። የሞተው ላይ እንደ በርበሬ የደቀቀ ቀይ የዝገት ዱቄት ታያላችሁ። ጣታችሁን ብታሳርፉበት ይቀባችኋል። ያ ዱቄት ክሮቼራው ውስጥ ያሉት መርፌ ኩሽኔታዎች ግሪስ አጥተው ተፈጭተው የወጣ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ክሮቼራ ከመላወሱ በፊት በዝግታ ስትሄዱ እንደ ወፍ «ጪው ጪው» ይላል፤ ፍጥነት ስትጨምሩ እሱም ይፈጥናል። ግሪስ ሲገባለት ለጥቂት ቀን ዝም ይላል፤ አትታለሉ፣ ቀይሩት።

ቀጥሎ ሻፍቱ የሚረዝምበትና የሚያጥርበት ጥርሳም መጋጠሚያ አለ። እሱ ሲደርቅ ቆማችሁ ስትነሡ «ጓ» ይላል። ግሪስ ብቻ የሚያድነው ድምፅ ይህ ነው። ነገር ግን እስኪፈስ አትሙሉት። መጋጠሚያው ከሞላ ማጠር ስለማይችል ሻፍቱ የትራንስፈሩንና የዲፈረንሻሉን ኩሽኔታ ይገፋል። ሁለት ሦስት ግፊት በቂ ነው።

ሻፍት ከመፍታታችሁ በፊት ጫፎቹም መጋጠሚያውም ላይ በቀለም መስመር አስምሩ። አንድ ጥርስ አሳልፎ መግጠም ብቻውን አዲስ መንቀጥቀጥ ያመጣል። «ሁለቱ ጉንጮች ፊት ለፊት ይሁኑ» የሚለው ምክር ለሁሉም አይሠራም፤ አንዳንድ የፊት ሻፍቶች ሆን ተብሎ ተለያይተው ነው የሚገጠሙት። ማመን ያለባችሁ ምልክታችሁን ነው።

9. ጎማውን ነቅንቁ

ጎማውን አንሡና መደገፊያ አስገቡ። አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተላወሰ ረዳታችሁ ፍሬን ይርገጥ፤ ደግማችሁ ነቅንቁ። ፍሬን ሲያዝ መላወሱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ ጎማውን የሚያዞረው መጋጠሚያ ነው፤ እንደ መኪናው ኪንግ ፒን ወይም ቦል ጆይንት።

ከዚያ ሎኩን ነፃ አድርጋችሁ ጎማውን በአንድ እጅ አሽከርክሩ። ሌላ እጃችሁን ሱስታው ወይም ባሌስትራው ላይ አሳርፉ። ጥሩ ኩሽኔታ እጃችሁ ላይ ጸጥ ይላል። የተበላው እንደ አሸዋ ይሻክራል። ጆሮ ያልሰማውን እጅ የሚያገኝበት ቦታ ይህ ነው።

10. ዘይቱን አንብቡ

የዲፈረንሻልና የትራንስፈር ዘይት ከማውረዳችሁ በፊት የላይኛውን መሙያ ቡሎን ፍቱ። የታችኛውን አፍስሳችሁ የላይኛው አልፈታ ካለ ዘይት መመለሻ ታጣላችሁ።

መግነጢስ ባለው ቡሎን ላይ እንደ ቅባት የደቀቀ ግራጫ ነገር የተለመደ ነው። በጣት የሚለይ ስባሪ ወይም የጥርስ ቁራጭ ካለ ማርሽ ተሰብሯል፤ መኪናውን አታንቀሳቅሱት። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቷል። የዚያኔ አክስሉ ላይ ያለውን የመተንፈሻ ቱቦ እዩ። የጋለ አክስል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። መተንፈሻው ከተደፈነ አክስሉ ውኃውን በኦይል ሲሉ (ዘይቱ እንዳይፈስ በሚይዘው ጎሚኒ) በኩል ይስባል።

የፊት ጎማ ማዞሪያ ኳሱ ውስጥ ያለው ግሪስ ቀጥኖ ሾርባ ከመሰለ ደግሞ የአክስሉ የውስጥ ሲል አፍስሷል። የዲፈረንሻሉ ዘይት ጎድሎ ይሆናል፤ ሲቪውም ተገቢውን ግሪስ አጥቷል።

የምትሞሉት ዘይት ማንዋሉ የሚለውን ነው። ብዙ ዲፈረንሻሎች ጂ ኤል 5 የሚባለውን የማርሽ ዘይት ደረጃ ይጠይቃሉ፤ አንዳንድ ትራንስፈሮች ግን ቀጭኑን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው የሚፈልጉት። «ድምፅ ይቀንሳል» ብሎ ወፍራም ማድረግ ድምፁን ይደብቃል እንጂ ጥርሱን አያድንም።

11. ጥርጣሬውን በማውጣት አረጋግጡ

ለ ላይ በተሰማ ድምፅ የፊት ሻፍቱን ወይም ዲፈረንሻሉን ከጠረጠራችሁ የፊት ሻፍቱን ምልክት አድርጋችሁ አውጡና ቱ ሃይ ላይ፣ ሎኮቹን ቆልፋችሁ ንዱ። ድምፁ ከጠፋ ሻፍቱ ወይም የትራንስፈሩ መውጫ ነው። ካልጠፋ ዲፈረንሻሉ ወይም አክስሉ ነው። አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ዲፈረንሻል ከማስፈታት ያድናችኋል።

ሁልጊዜ አራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ላይ መጀመሪያ ማዕከላዊውን ዲፈረንሻል ቆልፉ። ካልተቆለፈ ኃይሉ ሁሉ ሻፍት ወደሌለበት ጎን ይሄዳል፤ መኪናው አይንቀሳቀስም። እንደ ዲፌንደር የእጅ ፍሬኑ በኋላ ሻፍት የሚይዝ ከሆነ የኋላውን ሻፍት ስታወጡ የእጅ ፍሬን የላችሁም። ሻፍቱ ትራንስፈሩ ውስጥ ተሰክቶ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሲወጣ ዘይት ይፈሳል፤ ያንን አውጥታችሁ አትንዱ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ሁለት ነገር በአንድ ቀን መቀየር። ድምፁ ቢጠፋም የቱ እንደነበር አይታወቅም። አንድ ቀይሩ፣ ንዱ፣ ጻፉ።
- የጎማ ኩሽኔታን «አይላላ» ብሎ ከልክ በላይ ማጥበቅ። ይግላል፣ ግሪሱ ይቀልጣል፣ አዲሱም ያልቃል። ማንዋሉ በሚለው ልክ አጥብቁ።
- ሀን ሳይነዱ በቀጥታ መ ላይ መጀመር። መነሻው ድምፅ ካልታወቀ የተጨመረው አይለይም።
- ለ ላይ ድምፅ ሲያገኙ ሎኮቹን ነፃ አድርጎ መርሳት። ዝምታው ጥገና አይደለም፤ ክፍሉ እንደተበላ ይቀመጣል፣ ጭቃ ውስጥ ስትፈልጉትም ይለቃችኋል።
- በስልክ የቀዱትን መሰረዝ። ከጥገና በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ደግማችሁ ቅዱና ሁለቱን አወዳድሩ።

ወዲያው ማቆም ያለባችሁ መቼ ነው

ጎማው በእጅ ሲነቀነቅ በግልጽ ከተላወሰ። ዘይት ውስጥ የብረት ቁራጭ ካገኛችሁ። ክሮቼራው ቀይ ዱቄት አውጥቶ መላወስም ከጀመረ፤ እየሄዳችሁ የተበጠሰ ሻፍት የፍሬን ቱቦና የነዳጅ ጋን ይመታል፣ የፊተኛው ጫፍ ከወደቀም መሬት ሊወጋ ይችላል። የተጠረጠረው የፊት ሻፍት ከሆነ አውጡትና፣ በእጅ የሚገባ ፎርዊል ላይ፣ በቱ ሃይ ሎኮቹን ነፃ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጥገና መንዳት ትችላላችሁ። ሻፍቱን የያዙትን ቡሎኖችና ዳዶዎች በከረጢት አድርጋችሁ ከሻፍቱ ጋር እሰሩ።